ጓሮው ሞልቷል፣ ስማቸውን ግን አላውቅም

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ ከትዳር በኋላም የኖርነው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለነበር ከጓሮ ጋር ተዋውቄ አላውቅም። ለወጥ የሚያስፈልገኝን ሁሉ የምገዛው ተፈጭቶና ታሽጎ ነው። ጥር ላይ እኔና ባለቤቴ ሰበታ ውስጥ ግቢ ያለው ቤት ገዛን። የሸጡልን አዛውንት ሴት ናቸው፤ ልጃቸው ወደ ውጭ አገር ስለወሰደቻቸው ጓሯቸውን እንዳለ ትተውልን ሄዱ።

በሶብላውን፣ ጤና አዳሙን፣ የጥብስ ቅጠሉንና ጠጅ ሳሩን አውቃቸዋለሁ። ቅጠሉ የተሸበሸበውንና ቁመቱ ከወገቤ የሚበልጠውን ቁጥቋጦ ጎረቤታችን ‹ኮሰረት ነው› ብላኛለች። የቀሩትን አራቱን ግን አላውቃቸውም። አንዱ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ቅጠሉ ደቃቃ የሆነ ነው። ሌላው በሶብላ መስሎ ሽታው የሚከብድ ነው። ሦስተኛው አመድማ ቅጠል አለው። አራተኛው ከአጥሩ ጥግ የበቀለ ነው፤ ቅጠሉ እንደ እንስላል የተበጣጠሰ፣ ነጭ አበባው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ ሽታው ግን ደስ የማይል።

ያደረግሁትን ልንገርዎት። አመድማውን ቅጠል እፍኝ ሙሉ ምስር ወጥ ውስጥ ጨመርሁት፤ ከመምረሩ የተነሣ ወጡን ደፋነው። ግንቦት ላይ በሶብላውን ቆርጬ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት፤ ጠቁሮ ገለባ ሆነ። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠልና እርጥብ በሶብላ በአራት ጠርሙስ ዘይት ውስጥ ከትቼ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁ። ለፍልሰታ ጾም ለአማቴ ልሰጣቸው አስቤ ነበር። አሁን ትንንሽ አረፋ እያየሁበት ነው፤ ሽታው ግን ምንም አልተለወጠም። ባለቤቴ ‹ሁሉንም ነቅለን ጎመን እንትከልበት› ይላል፤ እኔ ግን አሳዘነኝ። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆንሁ ያቅለሸልሸኛል፤ ጠዋት ቡና በጤና አዳም ስጠጣ ብቻ ነው ቀለል የሚለኝ። የትኛው ቅጠል ለምን ይሆናል? እንዴትስ አቆየዋለሁ? ከሰበታ።»

ልጄ፣

ስለ ቅመም የማወራሽ ብዙ አለኝ፤ ከሁሉ በፊት ግን ይህን እንዳነበብሽ ተነሥተሽ የምታደርጊው አንድ ነገር አለ። እነዚያን አራት ጠርሙሶች አትክፈቻቸው፣ አትቅመሻቸው፣ ለማንም አትስጫቸው።

ነጭ ሽንኩርትም ሆነ እርጥብ ቅጠል ከአፈር የተገኘ ነውና የባክቴሪያ ዘር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ባክቴሪያው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ይባላል። አየር ባለበት ዘሩ ተኝቶ ይኖራል። አየር የሌለበት፣ እርጥብ፣ ሞቅ ያለና ያልኮመጠጠ ቦታ ሲያገኝ ግን ነቅቶ ይራባል፤ ነርቭን የሚያሽመደምድ መርዝም ያመነጫል። አንቺ ያዘጋጀሽው ጠርሙስ ይህን ሁሉ አሟልቶለታል፤ ዘይቱ አየር ከልክሎለታል፣ ቅጠሉ ውኃ ሰጥቶታል፣ መደርደሪያው ሙቀት ሰጥቶታል። መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። «ሽታው ምንም አልተለወጠም» ስትዪኝ የደነገጥሁት ለዚህ ነው፤ ደህና መሆኑን በአፍንጫሽ ለማወቅ መንገድ የለሽም።

ጠርሙሶቹን እንደታሸጉ በሁለት ፌስታል ጠቅልለሽ ከቆሻሻ ጋር ጣያቸው። ዶሮና ውሻ ሊነካው ስለሚችል ጓሮ ላይ አትድፊው። ዘይት የፈሰሰበት ቦታ ካለ በበረኪና አጽጂው፤ እጅሽንም በሳሙና በደንብ ታጠቢ። እስካሁን ከዘይቱ የቀመሰ ሰው ካለና ነገር ሁለት ሆኖ ከታየው፣ የዐይኑ ቆብ ከወደቀ፣ መዋጥ ወይም መናገር ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ሆስፒታል ይሂድ፤ እዚያም ዘይቱን መቅመሱን ይናገር።

«ጠርሙሱን ቀቅዬ ላድነው» ብለሽ እንዳታስቢ። የባክቴሪያው ዘር በ100 ዲግሪ የፈላ ውኃ እንኳ የማይሞት ጠንካራ ነው፤ በእኛ ደጋ ደግሞ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በውጭ አገር ጽሑፍና ቪዲዮ «ለዚህን ያህል ደቂቃ ቀቅለሽ አሽጊ» የሚለው ምክር የተጻፈው በአብዛኛው በባሕር ጠለል አቅራቢያ ለሚኖር ሰው ነው። አንቺ በጥሩ ልብ፣ ለአማትሽ ፍቅር ብለሽ የሠራሽው ነው፤ ጥፋት አድርጌ አላየውም። ብቻ ይውጣ ከቤት።

ሁለተኛው ጉዳይ ጽንስሽ ነው። በደብዳቤሽ መጨረሻ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፍሽው ለእኔ ትልቁ ነገር ነው። ቡና ላይ ጤና አዳም ጣል ማድረግ ልማዳችን ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ይሁን እንጂ ጤና አዳም ማህፀንን ሊያነቃቃ የሚችል፣ በብዙ አገሮች ባህል ጽንስ ለማስወረድ ሲውል የኖረ ተክል ነው። ስለዚህ እስክትወልጂ ድረስ ከሲኒሽም ከምግብሽም አውጪው። እስካሁን የጠጣሽውን እያሰብሽ ራስሽን አታስጨንቂ፤ በሚቀጥለው ክትትልሽ ለሐኪምሽ ወይም ለአዋላጇ ተናገሪ። ለማቅለሽለሹ ቀጭን የዝንጅብል ሻይ ሞክሪ፤ ለብዙ ነፍሰ ጡሮች የሚመከር ነው፤ እሱንም ቢሆን ለሐኪምሽ ንገሪ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲመታው እንደ እሳት ቃጠሎ ውኃ ያስቋጥራል። ስትከረክሚው ጓንት አድርጊ፣ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሺ፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ ይሁን።

አሁን ወደ ጓሮሽ እንግባ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁትና የታየኝ፣ አንቺ ሁሉንም ቅጠል አንድ ላይ ማወቅ፣ አንድ ላይ ማብሰል፣ አንድ ላይ ማቆየት መፈለግሽ ነው። ከዘጠኙ ተክሎች ውስጥ ለማቆየት መድከም ያለብሽ ለአንዱ ለበሶብላ ብቻ እንደሆነ ብነግርሽ ታምኛለሽ? የጥብስ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው። ኮሰረቱም ዘላቂ ቁጥቋጦ ነው። ጠጅ ሳሩ ቆርጠሽው ደግሞ ይበቅላል። እነዚህን ግንዳቸው ያቆይልሻል፤ ስትፈልጊ መቀስ ይዘሽ መውጣት ነው። እርጥብ የጥብስ ቅጠል ከበርሽ አጠገብ እያለ ዘይት ውስጥ መክተት ለምን አስፈለገ? በሶብላ ግን አብቦ ዘሩን ከጣለ በኋላ ይደርቃል፤ ውርጭም ይገድለዋል። መቆየት ያለበት የሚሄደው ነው።

ስለማታውቂያቸው ልምጣ። ከደብዳቤ ላይ ተክል መለየት ከባድ ነው፤ የምልሽ ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫውን ከሁለት ሰዎች ለየብቻ አግኚ፦ ከጎረቤትሽና ቅጠል ከሚሸጡ የገበያ ሴቶች። አበባ ያለውን ዘለላ ይዘሽ ሂጂ፤ «ይህ ጦስኝ ነው አይደል?» ብለሽ ሳይሆን «ይህ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ስም አስቀድመሽ ከሰጠሻቸው ብዙዎች ለይሉኝታ ብለው «አዎ» ይሉሻል። ሁለቱ አንድ ስም እስኪጠሩልሽ ድረስ ቅጠሉ ድስት አይግባ። በየጓሮው ሳይዘራ የሚበቅል አስተናግርም አለና፤ እርሱ የሚያሳብድ፣ የሚገድልም መርዝ ነው።

አመድማውና መራራው አሪቲ ይመስለኛል። በበዓል ቀን ከቄጤማ ጋር የሚጎዘጎዘው፣ ሽታው ቤት የሚያውድ። ምስር ወጡ መምረሩ ቅጠሉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቦታው ድስት ስላልሆነ ነው። አድርቀሽ በልብስ መካከል አኑሪው፤ ለመስከረም በዓላትም አጫጭደሽ ጎዝጉዢው። አትብዪው፤ አሁን ደግሞ በተለይ። በሶብላ የሚመስለውና ሽታው የሚከብደው ዳማከሴ ሳይሆን አይቀርም፤ ምች ሲመታ ቅጠሉ ታሽቶ ጭማቂው የሚጠጣውና ገላ የሚታሸው። ከበሶብላ ጋር የቅርብ ዘመዳሞች ናቸውና መመሳሰላቸው አይግረምሽ። የቤት መድኃኒት እንጂ የወጥ ቅመም አይደለም፤ በእርግዝናሽም ሐኪም ሳታማክሪ አትጠጪው።

መሬት ለመሬት የሚሳበው ደቃቃው፣ በጣትሽ ስታሺው የጦስኝ ሻይ የሚሸት ከሆነ፣ ባለጸጋ ነሽ። ጦስኝ የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ነው፤ በሌላ አገር በተፈጥሮ አይበቅልም። በባሌና በሰሜን ተራሮች እስከ 4,000 ሜትር ድረስ ሣሩን ተጠግቶ ይኖራል። ሳይንሳዊ ስሙ ቲመስ ሺምፔሪ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ፣ እዚሁ አግብቶና ወልዶ፣ በ1878 ዓድዋ ላይ ላረፈው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ ለሺምፐር መታሰቢያ ነው። ሰበታ ከፍታው ለጦስኝ ዝቅተኛው ጠርዝ አካባቢ ስለሆነ ሥሩ ውኃ እንዳይቋጥር ተጠንቀቂለት፤ ከዝናብ ይልቅ ጭቃ ይገድለዋል። ለሻይ ሲሆን አታፍዪው፤ የፈላውን ውኃ አፍስሺበትና አምስት ደቂቃ ክደኚው። ሽሮ ስታዘጋጂም ጥቂት የደረቀ ጦስኝ አብሮ ይፈጫል። ኃይለኛ ነውና ለአንድ ኪሎ ሽሮ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በላይ አትጀምሪ።

ኮሰረት ላይ ግን ቁጭ ብለን እናውራ፤ የጓሮሽ እመቤት እርሷ ናት።

እኔ ያደግሁት ጉራጌ አገር ነው። በእናቴ ጓሮ ከእንሰቱ ሥር ኮሰረት አይጠፋም ነበር፤ ቅቤ የሚነጠርበት ቀን ከሩቅ በሽታው ይታወቃል። ካምፎር የሚያስታውስ፣ ግን ጣፋጭነት ያለው ሽታ ነው። ክትፎ በልተሽ «ይህ ቅቤ ምን አለበት?» ብለሽ የጠየቅሽበት ቀን ካለ፣ መልሱ በአብዛኛው ኮሰረትና ኮረሪማ ነው። ቅጠሉ ወጥ ላይ እንዲሁ አይነሰነስም፤ ሻካራ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል። ሽታውን ለቅቤ ሰጥቶ ራሱ ተጠልሎ የሚወጣ ቅጠል ነው።

እንዲህ አድርጊ። በርከት ያሉ ቅርንጫፎች ቆርጠሽ በጥላ አድርቂ፤ ቅጠሉ ወፈር ያለና ውኃው ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይደርቃል። ለአንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የታሸ የደረቀ ኮሰረት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ በሶብላ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ግማሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽና እርድ ይበቃል። ቅቤውን በቀስታ እሳት አቅልጪ፤ አረፋውን ግፈፊ፤ ከዚያ ቅመሙን ጨምሪ። አሁን ጆሮሽን ስጪው። ቅቤው መጀመሪያ ይንጣጣል፤ የሚንጣጣው በውስጡ ያለው ውኃ ነው። ድምፁ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄድና ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ቅቤው ጠርቶ የድስቱ ቂጥ ይታያል፣ አተላው ከሥር ይዘቅጣል። በንጹሕ ጨርቅ አጥልይው፤ ማሰሮው ወይም ጠርሙሱ ጠብታ ውኃ የሌለበት ይሁን።

እናቶቻችን ዝም እስኪል የሚጠብቁት ለጣዕም ብቻ አይደለም። ዘይትሽን አደገኛ ያደረገው ቅጠሉ ውስጥ የቀረው ውኃ ነበር፤ ንጥር ቅቤን ለወራት የሚያቆየው ደግሞ ውኃው ተኖ ማለቁ፣ ቅጠሉም ተጠልሎ መውጣቱ ነው። ስለ ባክቴሪያ ማንም ሳይነግራቸው በጆሮና በዐይን የደረሱበት ዕውቀት ነው፤ ባሰብሁት ቁጥር ይደንቀኛል። እርጥብ ኮሰረት ልትጠቀሚ ከፈለግሽም ቅቤው ገና ሲንጣጣ ጨምሪው፤ የቅጠሉ ውኃ አብሮ ይወጣል። ከጠለልሽ በኋላ «ሽታ እንዲጨምር» ብለሽ እርጥብ ቅጠል ማሰሮው ውስጥ አትመልሺ።

በሶብላሽ ለምን ጠቆረ? ሦስት ነገር እገምታለሁ። ግንቦት ላይ ገና ለጋ ነበር። ጤዛው ሳይደርቅ ወይም ከታጠበ በኋላ እርጥቡን ሳታራግፊ አሰጣሽው። ቆርቆሮው ደግሞ በፀሐይ ግሎ ቅጠሉን ቀቀለው። የእኛ በሶብላ ለሽሮና ለበርበሬ የሚፈለገው ከቅጠሉ ይልቅ ከነአበባው ዘለላ ነው። ሐምራዊ አበባው ከፍቶ፣ ከታች ያሉት ዘር መቋጠር ሲጀምሩ፣ ጠዋት ጤዛው ከለቀቀ በኋላ ፀሐይ ሳይጠነክር ቁረጪው። አምስት ስድስት ዘለላ በአንድ እሰሪ፤ ከዚያ በላይ አታጭቂ፣ መሐሉ ይሻግታል። ቀዳዳ የበሳሽለት የወረቀት ከረጢት አልብሰሽ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ቦታ ቁልቁል ስቀይው። ፀሐይ ቀለሙንና ሽታውን ይወስዳል፤ የሚያስፈልግሽ ነፋስ ነው። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ቅጠሉ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር፣ ግንዱ «ቀጭ» ብሎ የሚሰበር ሲሆን ደርቋል። ግንዱ የሚታጠፍ ከሆነ አልደረቀም።

በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምናገረው ከራሴ ስለደረሰ ነው። በትዳሬ የመጀመሪያ ዓመት፣ ለአምስት ኪሎ በርበሬ የቸኮልሁበት በሶብላ ግንዱ ገና ይታጠፍ ነበር። ተፈጭቶ፣ በጣሳ ታሽጎ ተቀመጠ። ከሁለት ወር በኋላ ስከፍተው ከላይ እስከ መሐሉ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። አንዲት ዘመዳችን «ፀሐይ አስመትተሽ መልሰሽ አምሺው» ብላኝ ነበር። ባለመስማቴ ዛሬም ደስ ይለኛል። አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበት የሚጎዳ ነው፤ በማመስም በመፍጨትም አይጠፋም። የወር ደመወዝ የወጣበትን በርበሬ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርሁት፤ አለቀስሁም። የሻገተ ቅመም አይታጠብም፣ አይታመስም፣ ይጣላል።

የደረቀውን ሳትፈጪ፣ በሙሉ ዘለላው ወይም በሙሉ ቅጠሉ በጠርሙስ አስቀምጪ፤ ሽታው የሚጠፋው ከተፈጨ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጠርሙሱን በየቀኑ ተመልከቺ፤ መስታወቱ ከውስጥ ላብ ካወጣ አውጥተሽ እንደገና አድርቂ። ብርሃንና የምድጃ ሙቀት የማይደርስበት ቦታ ላይ አንድ ዓመት ያገለግልሻል። ክዳኑ ላይ ስሙንና ወሩን ጻፊ። እርጥብ ቅጠል በሚልበት ቦታ የደረቀ ስትጠቀሚ አንድ ሦስተኛውን ብቻ አድርጊ።

አሁን ግን ሐምሌ ነው፤ በሶብላ አድርቂ ብልሽ እያታለልሁሽ ነው። አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ለስላሳ ቅጠል ሳይደርቅ ይሻግታል። በሶብላውን ለጥቅምት ተይው። እስከዚያ ለጋ ቅጠሉን ከፈለግሽ በፍሪዘር አቆዪው፦ ፈላ ባለ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነክረሽ ወዲያው ወደ በረዶ ውኃ አግቢው፤ አረንጓዴነቱ አይጠፋም። ከትፈሽ በበረዶ መሥሪያው ጉድጓዶች ውስጥ ሙዪ፤ በላዩ ላይ ጥቂት ዘይት አፍስሺና አቀዝቅዢው። ሲጠጥር አውጥተሽ በፌስታል እዚያው ፍሪዘር ውስጥ መልሺ። ያ የተመኘሽው ዘይት ይኸውልሽ፤ ባክቴሪያው በረዶ ውስጥ አይራባም። ወጡ ሊወጣ ሲል አንዷን ቁራጭ ከበረዶው አውጥተሽ ቀጥታ ወደ ድስቱ ጣይ፤ ቀድማ እንድትሟሟ ውጭ አታሳድሪያት። እርጥብ ቅጠል ያለበት ዘይት ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ካማረሽም ከአራት ቀን አታሳልፊው። መብራት ሲጠፋ የዋለበትን ደግሞ አትመኚው።

በፍሪጁ ተራ መደርደሪያ ላይ እርጥብ በሶብላ አታስቀምጪ፤ ብርድ ያጠቁረዋል። እንደ አበባ ውኃ ባለው ብርጭቆ ውስጥ አቁሚው፣ ለቀናት ይቆይልሻል።

ለማብሰሉ አንዲት ነገር ልብ በዪ፤ ቅጠል ሁሉ የሚገባበት ሰዓት አለው። ጠንካራ ቅጠል ቀድሞ፣ ለስላሳ ቅጠል ዘግይቶ ይገባል። የጥብስ ቅጠል ሥጋው ውኃውን ጨርሶ መጥበስ ሲጀምር አንድ ዘለላ ከነግንዱ ጣል ይደረጋል፤ ሲቀርብ ግንዱ ይወጣል። መሥራት ያለበት እሱ ብቻ ስለሆነ ጦስኝ፣ በሶብላና ኮሰረት አንድ ጥብስ ላይ አታጋፊ። ለጋ በሶብላ ድስቱ ከእሳት ሊወርድ ሲል ነው። ጠጅ ሳር ነጭ እግሩ በሙቀጫ ዘነዘና መታ መታ ተደርጎ ለሻይ ይፈላል። እያንዳንዱን ለማወቅ በየሳምንቱ አንድ ቅጠል ብቻ ምረጪ፤ ለጾም ቀን ተቀቅሎ ትኩስ ዘይት በነካው ድንች፣ ለፍስክ ቀን በዓይብ ቅመሺው። ድንችና ዓይብ ዝምተኞች ናቸው፣ የቅጠሉን ጣዕም አይሸፍኑም። የቀመስሽውን በደብተር ጻፊ። ይህን የምልሽ ግን ስማቸው ለታወቀና ለምግብ ለሚሆኑት ብቻ ነው።

የአማትሽ ስጦታ እንዳይቀር። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባልና ጊዜ አለሽ። የጥብስ ቅጠል ደረቅ ባሕርይ ስላለው በክረምትም ይደርቅልሻል፤ እንጀራ ጋግረሽ ምጣዱን ካጠፋሽ በኋላ፣ እጅሽን ስታሳርፊበት የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ፣ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግተሽ ቅጠሉን አስጪበት። ሁለት ሦስት የጋገራ ቀን ይበቃዋል። ሲፈረፈር ከአራት እጅ ጨው ጋር አንድ እጅ ቅጠል አድርገሽ ውቀጪው። በጠርሙስ አሽገሽ ስጫቸው፤ ለድንች፣ ለቃሪያ፣ ዓሣ ለሚበሉትም ለዓሣ ይሆናል፣ መደርደሪያ ላይም ቢቆይ አያሰጋም።

ባልሽን በተመለከተ፣ ጎመን መፈለጉ ትክክል ነው፤ ከጓሮው ፀሐያማውን ወገን ለጎመን ስጪው። ኮሰረቱን ግን እንዳይነካ። እንዲያውም ዝናቡ ሳይወጣ ከእርሱ እርሳስ የሚያክሉ ቅርንጫፎች ቆርጠሽ እርጥብ አፈር ላይ ትከዪ፤ አንዱን ስሙን ለነገረችሽ ጎረቤትሽ ስጫት።

የቀረው የአጥሩ ጥግ ላይ ያለው ነው። የተበጣጠሰ ቅጠል፣ ነጭ የጃንጥላ አበባና መጥፎ ሽታ ስትዪኝ አልወደድሁትም። ድምብላል፣ እንስላል፣ ነጭ አዝሙድና ካሮት የሚወለዱበት ቤተሰብ ሶቅራጥስ ጠጥቶት የሞተውን መርዝም ወልዷል፤ ባለሙያን ሳይቀር የሚያሳስት መመሳሰል አላቸው። ምናልባት የዋህ አረም ይሆናል። አሁን ያለሽ ትልቅ ዕድል ጓሮውን የተከሉት ሴት በሕይወት መኖራቸው ነው። በልጃቸው በኩል ስልክ ደውዪላቸው፤ ምስል በሚያሳይ ጥሪ ይሁን፣ ጓሮውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዞርሽ አሳያቸው፣ አንድ በአንድ ይንገሩሽ፤ እኔ የገመትሁትንም ያርሙልኝ። ደብተርሽን አትርሺ። የጥጉን ተክል እርሳቸውም «እኔ አልተከልሁትም» ካሉሽ፣ ባልሽ ጓንት አድርጎ ከነሥሩ ይንቀለው።